ብሩስ ሊ፦ ሳይጨርሰው የሞተው ፊልም እና ሃምሳ ዓመት ያልበረደው ፍለጋ

ብሩስ ሊ በዚህች ምድር የኖረው 32 ዓመት ብቻ ነው። ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ በመሪ ተዋናይነት ሠርቶ ያጠናቀቃቸው ፊልሞች አራት ናቸው፤ አምስተኛውን ጀምሮ ሳይቋጨው ሞት ቀደመው። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ሥራ ነው። ይሁንና ካረፈ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላም እነዚያው ጥቂት ፊልሞች በየጊዜው እየታደሱ፣ በአዲስ ሣጥን እየታሸጉ ለገበያ ይቀርባሉ። ወዳጆቹም አንድ ጊዜ የገዙትን ፊልም ሦስት እና አራት ጊዜ መልሰው ይገዛሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ራሱ ሊያሳያቸው ያሰበውን ማየት።

በሀገራችን ስሙ ወደ ክልል ከተሞች እና ወደ ወረዳ ከተሞች በስፋት የዘለቀው በቪዲዮ ቤት በኩል ነው። ጠባብ ክፍል፣ በመጋረጃ የተሸፈነ መስኮት፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን እና አንድ ዴክ። ለገበያ የወጣ የገጠር ወጣት እህሉን ሸጦ፣ ሳንቲም ከፍሎ ይገባል፤ ሲወጣ በአየር ላይ እየተራገጠ ይወጣል። የሚታየው ካሴት ግን ከሌላ ካሴት የተገለበጠ፣ ያም ከሌላ የተገለበጠ ነበር። የተዳቀለ የበቆሎ ዘርን ከራሱ ማሳ እየለቀመ ዓመት ከዓመት የሚዘራ ገበሬ ምርቱ እንዴት እየከሳ እንደሚሄድ ያውቃል። ካሴትም በተገለበጠ ቁጥር እንዲሁ ይከሳል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ፊት ከፊት አይለይም። ትውልድ ብሩስ ሊን ያወቀው በዚያ በከሳው ምስል ነው። የእናት ዘሩ፣ ማለትም በካሜራው ውስጥ ያለፈው የመጀመሪያው የፊልም ጥቅል፣ በሩቅ ሀገር መጋዘን ተቀምጦ ነበር።

ብሩስ ሊ የተወለደው ኅዳር 18 ቀን 1933 ዓ.ም በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ፣ በቻይናውያን ሠፈር ነው። አባቱ ሊ ሆይ ቹን የካንቶን ኦፔራ ተጫዋች ሲሆኑ ልጁ በተወለደ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ለሥራ ጉዞ ላይ ነበሩ። በቻይናውያን አቆጣጠር ዓመቱ የዘንዶ ዓመት፣ ሰዓቱም የዘንዶ ሰዓት ነበርና ዘንዶ የሚለው ስም ኋላ ከእርሱ አልተለየም። ገና በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳለ በአንድ ፊልም ላይ በሕፃንነት ታየ። ጥቂት ወራት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ፤ ያን ጊዜም ከተማዋ በጃፓን ወረራ ሥር ለመውደቅ ጥቂት ጊዜ ነበር የቀራት።

በልጅነቱ የሆንግ ኮንግ ሕዝብ የሚያውቀው ተዋናይ ሆኖ አደገ። ዕድሜው 18 እስኪሞላ ድረስ ወደ ሃያ በሚጠጉ ፊልሞች ተጫውቷል፤ በአብዛኞቹ የተገፋ ልጅ፣ ወላጅ አጥ ወይም የመንገድ ዱርዬ ሆኖ ነው የሚታየው። ትንሹ ዘንዶ የሚል ትርጉም ያለው ሊ ሲዩ ሉንግ የተባለው የመድረክ ስሙም የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። ከካሜራ ፊት ሲወርድም ጠበኛ ነበር። በከተማው ጣሪያዎች ላይ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ይደባደብ ነበር፤ ዊንግ ቹን የተባለውን የእጅ ውጊያ ስልት ከታዋቂው መምህር ኢፕ ማን ዘንድ መማር የጀመረውም በዚህ ዕድሜው ነው። ይኸው ጠበኛ ልጅ ቻ ቻ በተባለው ዳንስ የሆንግ ኮንግ ሻምፒዮን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የእግር አጣጣሉን ያስተዋለ ግን ዳንሰኛውን በተፋላሚው ውስጥ ያገኘዋል።

ጠቡ እየበረታ ከፖሊስ ጋር ማነካካት ሲጀምር ወላጆቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ጥቂት ገንዘብ አስይዘው ወደ ተወለደበት ሀገር ላኩት። ሲያትል ከተማ ገብቶ በአንድ የቻይናውያን ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት እየሠራ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በጎን ኩንግ ፉ ያስተምር ነበር። ዘርና ቀለም ሳይለይ የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበርና ይህ በዘመኑ በቻይናውያን መምህራን ዘንድ የተለመደ አልነበረም። ከተማሪዎቹ አንዷ የነበረችውን ሊንዳ ኤምሪን እ.ኤ.አ. በ1964 አገባ፤ ብራንደን እና ሻነን የተባሉ ሁለት ልጆች አፈሩ።

በዚያው ዓመት በሎንግ ቢች ከተማ በተካሄደ የካራቴ ውድድር ላይ ያሳየው ትርዒት ወደ ቴሌቪዥን በር ከፈተለት። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1967 በተላለፈው ግሪን ሆርኔት በተባለ ተከታታይ ድራማ ካቶ የተባለውን ረዳት ሆኖ ተጫወተ። ረዳት ነበር፤ መኪና ነጂ፣ ጥቂት ተናጋሪ። የድራማው ጀግና ሌላ ሰው ነው። ሆንግ ኮንግ ግን ድራማውን በካቶ ስም ነበር የምታውቀው። ሆሊውድ ቻይናዊ ፊት ያለውን ሰው መሪ ተዋናይ ለማድረግ አልደፈረም፤ ብሩስ ሊም ለዓመታት ስቲቭ ማክዊን እና ጄምስ ኮበርንን የመሳሰሉ ተዋንያንን የውጊያ ስልት እያስተማረ፣ ትንንሽ ሚናዎችን እየተጫወተ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ክብደት ሲያነሣ ጀርባውን ተጎድቶ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። ያን ጊዜ በብዙ ማስታወሻ ደብተሮች ላይ ስለ ውጊያ ያለውን ሐሳብ ጻፈ። ጂት ኩን ዶ ብሎ የሰየመው ስልቱ ጭብጡ ይህ ነው፦ ሰው ለአንድ የተወሰነ ስልት ባሪያ መሆን የለበትም፤ የሚጠቅመውን ይዞ የማይጠቅመውን መተው አለበት። ይህን ሐሳብ ልብ ይሏል፤ ሳይጨርሰው የሞተው ፊልም በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

በዚህ መካከል ከሆንግ ኮንግ ጥሪ መጣ። ሬይመንድ ቻው ያቋቋሙት ጎልደን ሃርቨስት የተባለ አዲስ የፊልም ድርጅት ለሁለት ፊልሞች 15 ሺህ ዶላር ሊከፍለው ተስማማ። የመጀመሪያው ዘ ቢግ ቦስ ታይላንድ ውስጥ፣ ሙቀትና ትንኝ ባየለበት ፓክ ቾንግ በተባለ ሥፍራ ተቀረጸ። ታሪኩ ከገጠር ወደ በረዶ ፋብሪካ ለሥራ ስለሄደ፣ እንዳይደባደብ ለእናቱ ቃል ስለገባ ወጣት ነው። ቃሉን እስኪያፈርስ ድረስ ተመልካች ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1971 መገባደጃ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለዕይታ በቅቶ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ የያዘውን የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ፊስት ኦፍ ፊዩሪ ያንን ሰበረ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ የተጫወተበት ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን ሁለቱንም በለጠ። በሮማው ኮሎሲየም ከቸክ ኖሪስ ጋር ያደረገው ፍልሚያ የሚገኘው በዚህ ሦስተኛ ፊልም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 መጸው ጌም ኦፍ ዴዝ፣ ማለትም የሞት ጨዋታ የተባለውን ፊልም መቅረጽ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላልና ጥልቅ ነበር። አምስት ፎቅ ያለው ግንብ አለ፤ በየፎቁ አንድ ጠባቂ ቆሟል፤ እያንዳንዱም የየራሱ የውጊያ ስልት ሊቅ ነው። ጀግናው ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ይወጣል። በአንደኛው ፎቅ ባልንጀራው ከባድ ግንድ ተሸክሞ ይገጥምና ይሸነፋል፤ ብሩስ ሊ ግን የሚገባው ቀጭን የቀርከሃ ልምጭ ይዞ ነው። ልምጩ ይተጣጠፋል፣ ይሾልካል፣ ያልታሰበ ቦታ ይደርሳል። ከብት ጠብቆ ያደገ ሁሉ በልምጭና በግንድ መካከል ያለውን ልዩነት ሌላ አስረጂ ሳይሻ ይገነዘበዋል። በመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር የሆነው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ካሪም አብዱልጀባር ነው፤ በሕይወት የብሩስ ሊ ተማሪ ነበር። ያ ጠባቂ ምንም የተወሰነ ስልት የለውም። መሸነፉም የሚገኘው በጉልበት አይደለም፤ ዓይኖቹ ብርሃን እንደማይችሉ ጀግናው ስለሚደርስበት መስኮቱን ይቀድዳል።

ሦስቱ ፎቆች ተቀርጸው ሳለ ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የኢንተር ዘ ድራገንን ውል ይዞ መጣ። ሆሊውድ ዓመታት የነፈገው መሪ ሚና ይህ ነበርና ብሩስ ሊ የራሱን ፊልም አቆይቶ ወደዚያ ሄደ። ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ በመሪነት በተጫወተባቸው ፊልሞች የገዛ ድምፁ ሙሉ ንግግር ሲናገር የሚሰማው በዚህ ብቻ ነው፤ በቀሩት ድምፁ የሌሎች ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973 ለዚሁ ፊልም ድምፅ ሲቀዳ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሐኪሞች አንጎሉ ማበጡን ደረሱበት። ዳነ ተባለ። ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም ስለ ጌም ኦፍ ዴዝ ሲነጋገር ዋለና ራስ ምታት ተሰማው፤ የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በአንዲት ተዋናይት ቤት ጋደም አለ። ከዚያ እንቅልፍ አልነቃም። ኢንተር ዘ ድራገን ለሕዝብ የታየው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ዓለም ሁሉ ስሙን ሲጠራ ባለስሙ ሲያትል ውስጥ አፈር ለብሶ ነበር፤ ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ማክዊን እና ኮበርን ይገኙበታል።

ለገበያው ግን የእርሱ መሞት ማቆሚያ አልሆነም። ስማቸውን ብሩስ ሌ፣ ብሩስ ላይ፣ ድራገን ሊ እያሉ የለወጡ፣ ፀጉራቸውን እንደ እርሱ ያበጠሩ ተዋንያን በደርዘን የሚቆጠሩ ፊልሞችን ሠሩ። በየቪዲዮ ቤቱ በር ላይ በእጅ የተጻፈው ስም ብሩስ ሊ ቢልም ውስጥ የሚታየው ሌላ ሰው የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከሁሉ የከፋው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ጌም ኦፍ ዴዝ ነው። አዘጋጁ ሮበርት ክላውስ አዲስ ታሪክ ጽፎ፣ ብሩስ ሊን የሚመስሉ ሰዎች አሰልፎ፣ ጥቁር መነጽር አጥልቆላቸው ፊልሙን ጨረሰው። በአንድ ቦታ የብሩስ ሊ ፊት ከወረቀት ተቆርጦ በመስታወት ላይ ተለጥፎ ይታያል። የእውነተኛ ቀብሩ ምስል ሳይቀር ለልብ ወለዱ ታሪክ ማሟያ ሆኖ ገብቷል፤ ይህ ከድፍረትም ያለፈ ድፍረት ነው። ብሩስ ሊ ራሱ ከቀረጸው የገባው አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ሲሆን ሁለቱ ባልንጀሮች ከታሪኩ ተፍቀዋል። ከእነርሱ ጋር የግንዱና የልምጩ ነገር፣ የፊልሙ ትርጉም አብሮ ጠፋ።

ቪኤችኤስ የተባለው የቤት ካሴት ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ብሩስ ሊ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰው ፊልሙን ገዝቶ ቤቱ እንደሚያስቀምጥ፣ አንዷን ምት አቁሞና መልሶ እንደሚያያት አላወቀም። እርሱ ግን ራሱ እንዲህ ያለ ተመልካች ነበር፤ የቦክስ ግጥሚያ ፊልሞችን እየሰበሰበ ቤቱ በፕሮጀክተር ያያቸው ነበር። የመሐመድ ዓሊን እግር አጣጣል ከራሱ አቋቋም ጋር ለማመሳሰል በመስታወት ገልብጦ እስከ ማየት ደርሷል። ኋላ የእርሱን ካሴት እያቆሙ እየመለሱ የተመለከቱ ወጣቶች ሳያውቁት የእርሱን ልማድ ነበር የተከተሉት።

ካሴት መቆም መመለስ መቻሉ የጎደለውን አጋለጠ። አንዱ ሀገር የታየው ትዕይንት በሌላው የለም። እንግሊዝ ውስጥ የፊልም መርማሪዎች ወጣቶች ይኮርጁታል በሚል ሥጋት ኑንቻኩ፣ ማለትም በሰንሰለት የተያያዙት ሁለት አጫጭር ዱላዎች የሚታዩበትን ክፍል ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየቆረጡ ያወጡ ነበር። የዘ ቢግ ቦስ ወዳጆች ደግሞ ጀግናው በበረዶ ፋብሪካው ውስጥ በመጋዝ የሚዋጋበትን ቅጽበት ሲፈልጉ ዐሥርት ዓመታትን አሳለፉ፤ የቀረው ማስረጃ ፎቶግራፍ ነው። ካሴቱን ዲቪዲ፣ ዲቪዲውን ብሉሬይ በተካው ቁጥር ጥያቄው አንድ ነበር፤ የጎደለው ተመልሷል ወይ?

መልሱ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንተር ዘ ድራገን 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ብሩስ ሊ ከሻዎሊን መነኩሴ ጋር ስለ ውጊያ ጥበብ የሚነጋገርበት፣ በውጭ ሀገር ሳይታይ የቀረው ትዕይንት ተመልሶ ገባ። የድምፁ ነገር ግን በሌላ ሰው ተተካ። አንዳንድ ወዳጆች በትዕይንቱ መመለስ ተደሰቱ፤ አንዳንዶች የራሱ ድምፅ በሚሰማበት አንድ ፊልም ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ መግባቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። በሌሎች እትሞች የቡጢው ድምፅ በአዲስ ተቀይሮ ጆሮ ሲያስቸግር፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ሲያደላ ታይቷል። ማደስ ማሳመር ማለት ነው ወይስ እንደነበረ መመለስ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲታደስ ባየ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ክርክር እንግዳ አይሆንም።

ትልቁ ምሥራች የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በጎልደን ሃርቨስት መጋዘን ጠፋ ሲባል የኖረው የጌም ኦፍ ዴዝ የፊልም ጥቅል ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ጆን ሊትል ባዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚሆነው የግንቡ ፍልሚያ እንደ ብሩስ ሊ ማስታወሻ ተቀናብሮ ለሕዝብ ታየ። ሁለቱ ባልንጀሮች ተመለሱ። ግንዱ ተመለሰ፤ ልምጩም።

የዚያ ዘመን የፊልም ጥቅል አሲቴት ከተባለ ነገር የሚሠራ ሲሆን ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ራሱን በራሱ ይበላል፤ እየተኮማተረ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል። አንድ ጊዜ ከጀመረ የሚያቆመው የለም፤ ጎረቤቱ የተቀመጠውንም ያበላሻል። ማዳኛው ቀዝቃዛና ደረቅ ሥፍራ ነው። እህሉን ሳያደርቅ ጎተራ ያስገባ ሰው ሻጋታን እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ስንቱ የሆንግ ኮንግ ፊልም በዚህ መንገድ እንደጠፋ ሲታሰብ የእነዚያ ጥቅሎች መትረፍ ዕድልም ጭምር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ታጋሾች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2020 ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ አምስቱን ፊልሞች በአንድ ሣጥን አወጣ፤ አራቱ ከእናት ጥቅላቸው በከፍተኛ ጥራት የታደሱ ነበሩ። ሞቶ ሃምሳ ዓመት በሞላው በ2023 ደግሞ አሮው የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ የጎልደን ሃርቨስት ፊልሞችን ሰብስቦ ሲያቀርብ፣ የዘ ቢግ ቦስን ረጅሙን የማንዳሪን ቅጂ እና ለጌም ኦፍ ዴዝ የተቀረጹትን ጥሬ ጥቅሎች አካተተ። ገንዘብ የማግኘት ዓላማ የለም ማለት አይቻልም፤ ሣጥኑ ውድ ነው። ነገር ግን በ1978 ገበያው ለወዳጆቹ የወረቀት ፊት ለጥፎ ሸጠላቸው፤ በዚህኛው ዘመን ያልተጠናቀቀውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያልተጠናቀቀ አድርገው ሸጡላቸው። ልዩነቱን ያመጡት ዓመት ከዓመት እምቢ ያሉ፣ ያንኑ ፊልም ደጋግመው እየገዙ ይህ አይደለም ያሉ ተመልካቾች ናቸው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከአምስቱ ፎቆች የታችኞቹ ሁለቱ በዚያ ግንብ ውስጥ ሳይቀረጹ ቀርተዋልና የሚመለስ ጥቅል የላቸውም። በማስታወሻው ላይ ያሉት ንድፎች ብቻ ናቸው።

ጥሬዎቹን ጥቅሎች ያየ ሰው የሚያገኘው ሌላ ብሩስ ሊን ነው። ቢጫ ልብስ ለብሶ ይቆማል፤ የትዕይንቱ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ጧ ይላል፤ ይራገጣል፣ ይስታል፣ ይስቃል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰሌዳው እንደገና ጧ ይላል። ያንኑ ምት ይደግመዋል፤ ሲያምርለት ወደ ካሜራው ዞሮ አንዳች ነገር ይናገራል፤ ጥቅሉ ግን ድምፅ የለውም።